ባዶ ቦታ ያለው የአቋም መግለጫ

ጌንያ ክሩክ ትራሙ እስኪቆም አልጠበቀችም፤ ዘልላ ወረደች። አርባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷም እንደ ድሮው አይደለም። ነገር ግን በቀይ ማግ ጥጥ ፋብሪካ በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ሴቶቹ ሲጋፉ ስታይ ሥጋ የመጣ መሰላት። ካለፈው ኅዳር፣ ሥጋ ከተወደደ ወዲህ፣ በሎድዝ ከተማ ሰው ተሰብስቦ አይታ ዝም ብላ የምታልፍ እናት የለችም።

“ሥጋ ነው?” አለች እየሮጠች።

“መፈክር ነው!” አለቻት ሬጊና። ሬጊና በማጠንጠኛ ክፍል ከጎኗ የምትሠራ፣ ማሽኑ ሲቆም እንኳ አፏ የማይቆም ሴት ናት። “ግን ዱላው የጥድ ነው። ቶሎ በይና አንዱን ያዢ፣ ከሰልፉ በኋላ ለመጥረጊያ እጀታ ይሆንሻል።”

“ምን ይላል?”

“መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። የተማርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? አንብቢልን እንጂ!”

ሴቶቹ ሳቁ። ጌንያ ከፋብሪካው የማታ ትምህርት ቤት የምስክር ወረቀቷን የተቀበለችው ባለፈው ወር ነበር። በልጅነቷ ሰው ቤት ስታገለግል፣ ቀጥሎ ጦርነቱ መጥቶ፣ ከዚያ ልጅ ወልዳ፣ ፊደል ሳትቆጥር አርባ ሞልቷት ነበር። አሁን ግን ታነባለች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ቀስ ብላ።

“ፋብሪካችንን… ከጽዮናውያን… እናጽዳ።”

“ይኸውልሽ! ለመጥረጊያ ነው አላልኩሽም?” አለች ሬጊና።

“ጽዮናዊ ምንድን ነው?” አለች አንዲት ፈታይ።

“ሥጋ ያስወደደው ነዋ።”

“እሱ መንግሥት አይደለም እንዴ?”

“ዝም በይ፤ የልጆች እናት ነሽ።”

ይህን ጊዜ የበሩ ድምፅ ማጉያ ተንኮሻኮሸና “ጓድ ገኖቬፋ ክሩክ በአስቸኳይ ወደ ፓርቲ ጽሕፈት ቤት!” አለ። የጌንያ ሙሉ ስም ነው። መጀመሪያ የመጣባት ዮላ ናት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1968 ነበርና ተማሪዎች በየከተማው አድማ ላይ ነበሩ። ልጄ ትናንት ከእነሱ ጋር ታይታ ይሆን? ካፖርቷን ቆልፋ ነበር የወጣችው? ደግሞስ ያ ደብዳቤ? ዮላ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሐኪም ልትሆን ለሕክምና ትምህርት ቤት ታመለክታለች። ማመልከቻው ነገ ይዘጋል፤ የእናቷ ፋብሪካ ማኅተም የመታበት የድጋፍ ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ ማንም አይቀበላትም። ያ ደብዳቤ በፓርቲ ፀሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተኝቷል።

ፀሐፊው ጓድ ፓኩላ ድሮ የሸማኔዎች አለቃ ነበር፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ በተለይ ስልኩ ካልጮኸ። በዚያ ቀን ግን ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ጺሙን ሲላጭ ሦስት ቦታ ራሱን ቆርጦ፣ ቁስሉ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ ለጥፏል። ከፊቱ የዮላ ደብዳቤ ተዘርግቶ፣ ከአጠገቡ ማኅተሙ በሐምራዊ ቀለም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

“ተቀመጪ ጌንያ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሰልፍ አለ። የአቋም መግለጫውን አንቺ ታነቢያለሽ።”

“እኔ? ጓድ ፀሐፊ፣ እኔ እኮ ቀስ ብዬ ነው የማነበው!”

“እሱ ነው የሚያምረው። እናት፣ ሠራተኛ፣ በአርባ ዓመቷ ፓርቲ ያስተማራት። ከዚያ” ደብዳቤውን በጣቱ መታ አደረገው፤ “ማኅተም እንመታበታለን። ከሰልፉ በኋላ።”

“መግለጫው ስለ ምንድን ነው?”

ፓኩላ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። “ከከተማው ኮሚቴ አራት ጊዜ ደወሉልኝ። እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ጽዮናዊ እስከ ስምንት ሰዓት ያሳውቅ ተብሏል። እኛ ደግሞ የለንም! በምርት ዕቅድ አንደኛ፣ በንጽሕና አንደኛ የወጣን ፋብሪካ፣ አንድ ጽዮናዊ አጣን! የሒሳብ ክፍሉን ሰው አፍንጫውን አይተን ጠርጥረነው ነበር። ፋይሉን ብናወጣው ወንድሙ ቄስ፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ጠይቀን መለስነው።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን። ጓድ ሻፊር።”

ጌንያ የያዘችው ሻሽ ከእጇ ወደቀ። ኢግናሲ ሻፊር የፋብሪካው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ፣ የፓርቲው ቃለ ጉባኤ ያዥና የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር ነው። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ጀርመኖች በጦርነቱ ጊዜ አይሁዶችን ባጎሩበት፣ ከዚህ ሁለት መንገድ አልፎ በነበረው ጌቶ ውስጥ አጥቶ፣ ከዚያም በኋላ ከተማውን ለቆ ያልሄደ ሰው ነው። እሷን ከነጣቷ፣ ከነከንፈሯ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይቆጣ ያስተማራት እሱ ነው።

“ጓድ ሻፊር አይሁድ ነው እንጂ ጽዮናዊ አይደለም” አለች።

“እኔም ይህንኑ በስልክ ነገርኳቸው። ‘ፓርቲያችን ዘር አይለይም፤ ጽዮናዊ አልን እንጂ አይሁድ አላልንም’ አሉኝ። ‘እንግዲያው አይሁድ ያልሆነ ጽዮናዊ ልፈልግላችሁ?’ ስላቸው ‘ቀልደኛ ነህ’ ብለው ስሜን ጻፉት። እኔም ሦስት ልጆች አሉኝ፣ ጌንያ።”

“እሺ፣ የማነበው ወረቀት የት አለ?”

ፓኩላ ቀላ። ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። “እኛ የቀይ ማግ ሠራተኞች” ይልና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ተሰርዟል።

“ከትናንት ጀምሮ ታገልኩ። አልሆነም። በዚህ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት መግለጫ የሚጽፈው ሻፊር ነው። ስለ ኮሪያ ማን ጻፈ? ሻፊር። ስለ ኩባ? ሻፊር። አሜሪካኖች ሰብላችንን ሊያጠፉ ከሰማይ ስለጣሉብን የድንች ጥንዚዛ? ሻፊር። ሂጂና ንገሪው፤ ስለ ጽዮናውያን አንድ ገጽ ይጻፍልን። የስሙን ቦታ ባዶ ይተወው፤ እኔ እሞላዋለሁ።”

“ራሱ የሚወገዝበትን ራሱ ይጻፈው?”

“ሌላ የሚችል ማን አለ?” አለ ፓኩላ፤ ከልቡ ነበር የጠየቃት።

ጌንያ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እየሄደች ምን ብላ እንደምትጀምር ታወጣ ታወርድ ነበር። ስትደርስ ሻፊር በግራጫ ሽርጡ ተቀምጦ የተገነጠለ መጽሐፍ በሙጫ ይለጥፋል።

“ይግቡ፣ ወይዘሮ ጌንያ። ዘገዩ እኮ” አላት። በፋብሪካው ሁሉ እሷን “እርስዎ” የሚላት እሱ ብቻ ነው። “መግለጫው ካለቀ አንድ ሰዓት ሆነው።”

“ያውቃሉ ማለት ነው?”

“የስልክ ቤቷ ልጅ ነገረችኝ፤ ተማሪዬ ነበረች። ይቀመጡና እናንብበው።”

በንጹሕ ጽሕፈቱ የተጻፈ ገጽ ከፊቷ አኖረ። ጌንያ ጣቷን አስቀመጠች። “እኛ የቀይ ማግ ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች፤ ኢግናሲ ሻፊር ከ1931 ጀምሮ በሠራተኛው ንቅናቄ የተሰለፈ መሆኑን በመገንዘብ፤ በዚሁ ፋብሪካ አድማ በማደራጀቱ አራት ዓመት መታሰሩን በማስታወስ፤ በ1945 የቆመውን ፋብሪካ በእጃቸው ካስነሡት አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ መሆኑን በማጤን…” ቀና አለች። “ጓድ መምህር፣ ይህ እኮ ውግዘት አይመስልም።”

“ደንቡ ነው። መጀመሪያ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ከዚያ ጥፋቱ፣ ከዚያ ውግዘቱ። ውግዘቱን ይመልከቱት፤ ሦስት ጊዜ ነው የጻፍኩት። ‘በቁጣ’ የሚለው ደካማ ሆኖብኝ ‘በጽኑ ቁጣ’ አልኩት።”

“ጥፋቱስ የታል?”

በገጹ መካከል “ጥፋቱም” ከሚለው ቃል ቀጥሎ አንድ ረጅም የነጥብ መስመር ነበር።

“እሱ ባዶ ነው” አለ ሻፊር። “ስሙን እኔ ሞላሁት፤ ለፓኩላ ድካም ይቀንስለታል። ጥፋቱን ግን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት።”

“ጽዮናዊነት ነው የሚሉት።”

ሻፊር አፉን ከፍቶ ከላይ በኩል የጎደለ ጥርስ አሳያት። “ይህን ያወለቀው ጽዮናዊ ነው። በ1929፣ በስብሰባ ላይ። ወንድሜ ነበር። እሱ ወደ ፍልስጥኤም እንሂድ ሲል እኔ እዚሁ አብዮት እናካሂድ አልኩ። አሁን እዚያው ሐይፋ ነው ያለው። በአቋም ምክንያት ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ አልጻፍኩለትም። ይህን ቢሰማ በሳቅ ይፈነዳል።”

“ታዲያ እምቢ አይሉም? ለምን ጻፉት?”

“እምቢ ካልኩ ፓኩላ ሊጽፈው ነው። የፓኩላን አጻጻፍ አይተውታል?” አለና ፈገግታው ጠፋ። የሙጫውን ብሩሽ አስቀመጠ። “ሃያ ሁለት ዓመት ስለሌሎች ሰዎችም ጽፌያለሁ፣ ወይዘሮ ጌንያ። ያን ጊዜ ጥፋቱ ከላይ በስልክ ይነገረኝ ነበር። እኔም እሞላለሁ። እውነት ነው ወይ ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።”

ጌንያም ስለ ዮላ ደብዳቤ ነገረችው።

“ዮላ ሐኪም መሆን አለባት” አለ ሻፊር ወዲያው። “ያንብቡት። ቀስ ብለው፣ ነጠላ ሰረዙ ጋ ትንፋሽ እየወሰዱ። ሦስተኛው መስመር ላይ ይቸኩላሉ፤ እንደገና ይሞክሩት።”

ወረቀቱን ይዛ ስትመለስ ፓኩላ ስልክ ይዞ “እሺ ጓድ፣ እሺ ጓድ” ይላል። በነፃ እጁ ወረቀቱን ነጠቃት፣ በዓይኑ ስሙን ፈለገ፣ አገኘው።

“ስሙን ማን ሞላው?” አለ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ።

“እሱ ራሱ።”

“ምን ዓይነት ሥርዓት ያለው ሰው ነው!” አለ ፓኩላ በእውነተኛ አድናቆት። ሌላውን አላነበበም። የሻፊርን መግለጫ ከሰልፍ በፊት አንብቦ የሚያውቅ ፀሐፊ በዚያ ፋብሪካ አልነበረም። ጌንያ ስለ ነጥቦቹ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን ዘጋችው።

ስምንት ሰዓት ላይ የጠዋቱ ፈረቃ፣ ስድስት መቶ አርባ ሰው፣ በሚቀልጠው በረዶ ውስጥ ጭቃ እየረገጠ በግቢው ተሰበሰበ። ሁሉም ዓይኑ ትራሙ ላይ ነው። ጌንያ በቀይ ጨርቅ የተሸፈነ የጥጥ ክምር ላይ ወጣች። ድምፅ ማጉያው ትንፋሿን ሳይቀር ለግቢው ሁሉ ያሰማል።

ጀመረች። “አድማ በማደራጀቱ” ያለው ጋ ስትደርስ ጡረታ የደረሰ አንድ ሽማግሌ ከልማድ አጨበጨበ፤ አንድ ሰው ካጨበጨበ ደግሞ ሁሉም ያጨበጭባል። “ካስነሡት አሥራ አንድ ሰዎች አንዱ” ስትል ጭብጨባው በረታ፤ ፓኩላም አብሮ አጨበጨበ፤ ከዚያ ምን እንደሰማ ገባውና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው።

“ጥፋቱም…” አለች ጌንያ፤ ቆመች። ጣቷ በነጥቦቹ ላይ እስከ መስመሩ ጫፍ ሄደ። “ጓድ ፀሐፊ፣ እዚህ ላይ ባዶ ነው።”

ድምፅ ማጉያው “ባዶ ነው” የሚለውን ከግድግዳ ግድግዳ አጋጨው።

“ጽዮናዊነት በያ!” አለ ፓኩላ በሹክሹክታ፤ ድምፅ ማጉያው እሱንም አሰማው።

“አልተጻፈም።”

“እኔን መጽሐፍ አዘገየሽ ብሎ አስፈራርቶኛል፣ እሱን ጻፉበት!” አለች ሬጊና ከመሐል። ሳቅ ሆነ።

“ባሌን ማንበብ አስተምሮ አበላሸብኝ!” አለች ሌላዋ። “አሁን ጋዜጣ ይዞ ሽንት ቤት ይገባና አይወጣም!”

“ወደ አገራቸው ይሂዱ!” ብሎ ጮኸ አንድ ጎረምሳ ድምፅ ከጥገና ክፍል ሰዎች መካከል። እሱ አልሳቀም፤ በዙሪያው ያሉትም አልሳቁም።

“አገሩ እኮ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው!” አለች ሬጊና። እንደገና ሳቅ ሆነ፣ ያን ጊዜ ግን ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ።

ፓኩላ ወደ ድምፅ ማጉያው ዘለለ። “ጓዶች! ጥፋቱ የታወቀ ነው! ድምፅ እንስጥ! የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ! ቆጣሪ!”

ቆጣሪ ሲባል ሻፊር ተነሣ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሚቆጥረው እሱ ነውና። ስትስቅ የነበረችው ሬጊና እጇን አወጣች። “ባሌን አበላሸብኝ” ያለችውም አወጣች። እጅ ማውጣት ወደ ትራሙ የሚያደርስ አጭር መንገድ ነው። ሻፊር ግን አይቸኩልም። በግራ እጁ እርሳሱንና ደብተሩን ይዞ፣ ክፍል በክፍል፣ ረድፍ በረድፍ ቆጠረ።

“ፈታዮች፣ እጃችሁን አታውርዱ፤ ተደበላለቀብኝ፣ እንደገና ልቆጥር ነው።”

“ጓድ መምህር፣ ቶሎ ይወገዙና እንሂድ እንጂ! እጄ ደነዘዘ!” አለ አንዱ።

ያን ጊዜ ጌንያ አየችው፤ የሻፊር ቀኝ እጅም ወደ ላይ ተነሥቷል። እየቆጠረ ራሱን ያወግዛል።

በመጨረሻ ወደ ክምሩ መጥቶ በጠራ ድምፅ አነበበ። “ድጋፍ፣ ስድስት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ። ተቃውሞ፣ የለም። ድምፀ ተዓቅቦ፣ የለም። ያልተነሣ እጅ፣ አንድ።” ይህን ካለ በኋላ ነበር የማን እጅ እንደሆነ ቀና ብሎ ያየው፤ ፊቱም አመድ መሰለ።

ስድስት መቶ ሰው ወደ ጌንያ ዞረ። እሷ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛለች።

“በአንድ እጅሽ ያዢው” አላት ፓኩላ ጥርሱን ነክሶ፤ “ሌላውን አውጪ። ደብዳቤውን አስቢ።”

ጌንያ ወረቀቱን ወደ ግራ እጇ አዛወረችው። ቀኟ ነፃ ሆነ። ዮላን አሰበች፤ በነጭ ካፖርት፣ በአንገቷ የሐኪም ማዳመጫ አንጠልጥላ። በሌላ በኩል ደግሞ ዮላን የማጠንጠኛው ማሽን ሥር ጎንበስ ብላ፣ ፀጉሯ ጥጥ ለብሶ አየቻት። እጄን ላወጣ ነው ብላ አስባ ነበር፤ በኋላም ስታስታውሰው ልታወጣው እንደነበር እርግጠኛ ነበረች። አፏ ግን ቀደማት።

“ለምኑ ነው የማወጣው፣ ጓድ ፀሐፊ? ጥፋቱን አላነበብኩትም።”

ይህን ጊዜ የፈረቃው ማብቂያ ፊሽካ ጮኸ። ስድስት መቶ ሰው መፈክሩን ጥሎ፣ ዱላውን ብቻ ነቅሎ፣ ወደ ትራሙ ሮጠ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጌንያ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቆማ ፓኩላ በስልክ ሲናገር ትሰማለች። “አዎን ጓድ! በሙሉ ድምፅ! አንድም የቀረ የለም!” ስልኩን አስቀምጦ ግንባሩን ጠረገ።

“እጅሽን አውጥተሻል።”

“አላወጣሁም።”

“አውጥተሻል እልሻለሁ! አንድ እጅ ቀረ ብዬ ብናገር የማን ነው ይሉኛል። የጌንያ ነው ብል ማን መረጣት ይሉኛል። ስለዚህ አውጥተሻል።” ማኅተሙን አነሣ። “ልምታው ወይስ አልምታው?”

ጌንያ ደብዳቤውን አየችው። ዮላንታ ክሩክ ይላል፤ የልጇን ስም በሌላ ሰው ጽሕፈት አንብባ ማወቅ የቻለችው ገና በቅርቡ ነው።

“ይምቱት” አለች፤ ራሷም በደንብ አልሰማችውም። ፓኩላ ሁለት ጊዜ መታው።

ደብዳቤውን ደረቷ ውስጥ አድርጋ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደች። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሟል፤ ሻፊር እስከ አሥር ሰዓት ቁልፍ እንዲያስረክብ ታዝዟል። ሻፊር ግን ካፖርቱን ለብሶ የዕለቱን ቃለ ጉባኤ ይጽፋል።

“ለምን እጅዎን አወጡ?” አለችው ሳትቀመጥ።

“ከልማድ። ከእኔ ቀድሞ ይነሣል።” ብዕሩን አስቀመጠ። “እርስዎን ያጋለጥኩትም በልማድ ነው። ቁጥሩን ሳልደብቅ ተናገርኩ። ይቅር ይበሉኝ።”

“ማኅተሙን ይምቱት አልኳቸው። ደግመው አውጥተሻል ሲሉኝ… ዝም አልኩ።”

“ጥሩ አደረጉ። ቃለ ጉባኤውን ጨርሻለሁ። ከስብሰባው አንድ ምስክር መፈረም አለበት፤ ሌላ ሰው ሁሉ ትራም ላይ ነው።”

ጌንያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጣቷን በመጀመሪያው መስመር ላይ አኖረች።

“ጨረሳችሁ?” አለ ዘበኛው።

“ገና ነኝ” አለች። ዘበኛው ተንፍሶ ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጠ።

ሁሉም ትክክል ነበር፤ ሰዓቱ፣ ጭብጨባው፣ ባዶው ቦታ፣ ፓኩላ የተናገረው፣ “ወደ አገራቸው ይሂዱ” ያለው ድምፅ ጭምር። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። “አንድ እጅ አልተነሣም፤ አንባቢዋ ሁለቱም እጆቿ በወረቀቱ ስለተያዙ ማንሣት አልቻለችም” ይላል።

ጌንያ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ መምህሯን አየችው፤ እሱ ግን ወደ መስኮቱ ዞሯል።

“ጓድ መምህር፣ ይህ ውሸት ነው። ቀኝ እጄ ነፃ ነበር። እርስዎም አይተዋል።”

“ወይዘሮ ጌንያ፣ መዝገቡን አንድ ቀን አንድ ሰው ቢከፍተው… ዮላስ?”

ጌንያ ደረቷ ላይ ያለውን ደብዳቤ በመዳፏ ጫን አለችው። ፈርታ ነበር፤ ፍርሃቷን ሊደብቅላት የሚችል ነገር አልነበረም። ቢሆንም ብዕሩን አንሥታ ሰጠችው።

“ይሰርዙት” አለች።

ሻፊር ብዕሩን ተቀበለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በማስመሪያ ሰረዘ፤ ከበላዩም “ቀኝ እጇ ነፃ ነበር፤ አላነሣችውም” ብሎ በጥንቃቄ ጻፈ። ጌንያም ይህን አንብባ፣ እንደገና አንብባ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሟን ፈረመች።